የቡችላ የሆድ ትልና የበጎች አዙሪት በላስታ ደጋ

በላሊበላ ዙሪያ ባሉ የላስታ ደጋማ ቀበሌዎች በግ የገበሬው ጥሪት ነው። በግ ተሽጦ ግብር ይከፈላል፣ ማዳበሪያ ይገዛል። በጉን ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቀው ደግሞ ውሻ ነው። ይሁን እንጂ ውሻው በሆዱ የኮሶ ትል ከያዘ በጉን ራሱ ሊያስይዝ ስለሚችል፣ ስለ ቡችላ ሕክምና ስንጽፍ ስለ በጉም መናገራችን አይቀርም።

በቡችላ ላይ በቅድሚያ የሚታየው ወስፋት ነው። የወስፋቱ እጭ ቡችላው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ወደ እርሱ ይተላለፋል፤ በጡትም ይተላለፋል። ሦስት ሳምንት እንኳ ያልሞላው ቡችላ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑ ከስቶ፣ ፀጉሩ ደርቆ ቢገኝ የምግብ እጥረት ብቻ ነው ብሎ መተው ስሕተት ነው። አንዳንዱ ነጭ ድቡልቡል ትል ያስታውካል። ድዱ የነጣ፣ ዓይነ ምድሩ የጠቆረ ከሆነ ደም የሚመጥጠው መንጠቆ ትል ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይወሰድ። የሚያስታውክና መጥባት ያቆመውም እንዲሁ፤ በትል የተሞላ አንጀት ትሉ በአንድ ጊዜ ሲሞት ሊደፈን ይችላል።

ለሌላው የሚበጀው ፓይራንቴል ነው፤ በኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም። በተወለደ በ2ኛው ሳምንት ተጀምሮ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ይደገማል፤ እናቲቱም አብራ ትታከም። ፌንቤንዳዞል ከተገኘ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ለሦስት ተከታታይ ቀናት ይሰጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ያለው ፈሳሽ ከሆነ፣ ለ2 ኪሎ ቡችላ በቀን 1 ሚሊ ሊትር ነው። ቡችላውን በከረጢት አድርጎ በሚዛን ማንጠልጠል ቀላል ሆኖ ሳለ ክብደትን በግምት መናገር ለምን እንደሚወደድ አይገባንም።

ለበግ የተገዛውን አልቤንዳዞል ለቡችላ ማካፈል ግን አይገባም፤ ደም የሚያመርተውን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል። ለሰው የሚሰጠው የኮሶ አበባም ለቡችላ አይሆንም።

አሁን ወደ በጉ እንመለስ። በግ ከመንጋው ተለይቶ፣ አንገቱን አጣሞ በአንድ ቦታ ሲዞር ገበሬው አዙሪት ይለዋል። በአንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ በከረጢቱም ውስጥ የኮሶ ትል እጮች አሉ። ውሻ ይህን ጭንቅላት ሲበላ እጮቹ በአንጀቱ አድገው በስድስት ሳምንት ገደማ እንቁላል ማውጣት ይጀምራሉ። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር በግጦሽ ላይ ይወድቃል፤ በጉም ከሣር ጋር ይውጠዋል። መዞር የጀመረ በግ በመድኃኒት የመዳን ተስፋው አነስተኛ ስለሆነ፣ ሥራው ሁሉ በውሻው ላይ ነው።

ፓይራንቴል የኮሶ ትልን አይገድልም። ለዚህ የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ባለ 50 ሚሊ ግራም አንድ ተኩል ፍሬ። ከአራት ሳምንት በታች ላለ ቡችላ አይሰጥም። አንድ ቤት ብቻውን ቢያክም የጎረቤት ውሻ ግጦሹን መልሶ ይበክለዋልና፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መድኃኒቱን በአንድነት ገዝቶ የቀበሌውን ውሾች በአንድ ቀን ቢያሳክም ይሻላል። በየስድስት ሳምንቱ መድገም የተሻለ ነው። አቅም ካነሰ ግን ብዙ በግ ከሚታረድባቸው ከገናና ከፋሲካ በኋላ፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አይታለፍ። የታረደ በግ ጭንቅላትም ሳይቀቀል ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር።

የወስፋቱ እንቁላል ሰውንም ይይዛል፤ በተለይ ከቡችላ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናትን። እንቁላሉ የመያዝ ኃይል የሚያገኘው በአፈር ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ የቡችላው ማደሪያ በየሳምንቱ ቢጠረግ ብዙ ይቀንሳል። ልጆችም ከምግብ በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

ፕራዚኳንቴል ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ የታከመው ውሻ ሦስት ቀን ታስሮ ይዋል፤ በነዚህ ቀናት የወጣው ዓይነ ምድርም ተሰብስቦ ይቃጠል።