የፊልም ምግብ ቤትና የእውነቱ ምግብ ቤት

ሥዕልና ፊልም ጥሩ የማስተማሪያ መርጃዎች ናቸው እንላለን። ልክ ነው። ለመሆኑ መርጃው ራሱ ምን ያህል እውነት ይናገራል? ይህን ጥያቄ ሁላችንም በምናውቀው ነገር፣ በምግብ ቤት፣ እንመልከተው።

ሀ. ፊልም እንዴት ያሳያል?

ፊልም ሠሪው ተመልካቹ «ይህ የቻይናዎች ምግብ ቤት ነው» እንዲል ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ቀይ ፋኖስ ይሰቅላል። ለጣልያን ቤት ቀይና ነጭ ዳማ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ ያነጥፋል፤ ለኢትዮጵያ ቤት መሶብ ያስቀምጣል። ምልክቱ ብቻውን ውሸት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰዎቹም እንደ ፋኖሱ የቤት ጌጥ ሲሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም አንድ ቤተሰብ የገና ምግቡን በቻይና ምግብ ቤት ይበላል። አስተናጋጆቹ በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ አነጋገራቸው መሳቂያ ይሆናል። ዳክዬው ከነጭንቅላቱ ቀርቦ በተመጋቢዎቹ ፊት አንገቱ ይቆረጣል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ስለ ቤቱ ሰዎች ግን አንዲት ነገር ሳያውቅ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው የ«ሲምፕሰንስ» ካርቱን ክፍል ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። እናትና ልጆች «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባል ሰፈር መኪናቸው ይበላሽባቸዋል። ፈራ ተባ እያሉ ምግብ ቤት ይገባሉ፤ ከቀመሱ በኋላ ግን ይወዱታል። ይህ የተሻለ ነው። ቢሆንም ታሪኩ የእንግዳው እንጂ የባለቤቱ አይደለም።

ሁሉም ፊልም እንዲህ ነው ማለት አይደለም። «ቢግ ናይት» (እ.ኤ.አ. 1996) በአሜሪካ ምግብ ቤት የከፈቱ ሁለት ጣልያናውያን ወንድማማቾችን ያሳያል። አንዱ የአገሩን ምግብ በትክክል ልሥራ ይላል፤ ደንበኛው የለመደውን ስፓጌቲ ይጠይቃል፤ ቤቱ ሊዘጋ ተቃርቧል። እዚህ ላይ ጓዳው፣ ዕዳውና ጭቅጭቁ ሁሉ ይታያል።

ለ. እውነቱስ?

በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በይፋ አግኝቷል። እንዲህ ባሉ ምግብ ቤቶች ካሜራ የማያየው ትልቁ ጉዳይ እንጀራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ ከዓመታት በኋላ ነው በከፊል የተፈቀደው። በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ይመረታል፤ ነገር ግን ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ብዙዎች ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ይቀላቅሉታል። በአገራችን ረቡዕና ዓርብ የሚፈለገው የጾም በያይነቱ እዚያ ሥጋ የማይበሉ ደንበኞች ስላሉ በየቀኑ ይሸጣል። ምግብ ቤት ማለት እንግዲህ ይህ ሁሉ ስሌት ነው።

ሐ. ወደ አሶሳ ስንመለስ

እኛስ? በአገራችን ፊልምና ቴሌቪዥን «የባህል ምግብ ቤት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሶብ፣ የሐበሻ ቀሚስና እስክስታ ነው። በዚህ ክልል ግን በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ይኖራሉ። የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ እዚህ የብዙ ቤት የዘወትር ምግብ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች የመጡት ሠፋሪዎች ደግሞ የየራሳቸውን ማዕድ ይዘው መጥተዋል።

ታዲያ መምህሩ «የባህል ምግብ» ብሎ የመሶብ ሥዕል ብቻ ሲሰቅል፣ ጠዋት ገንፎ በባሚያ በልቶ የመጣው ልጅ ምን ይማራል? የእናቱ ምግብ ባህል አይደለም ማለት ነው ብሎ ይደመድማል። አፍ አውጥቶ ላይጠይቅም ይችላል፤ ዝም ብሎ ያፍርበታል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው የቀርከሃ ጎጆና ጭፈራ ብቻ ያለበት ሌላ ሥዕል መስቀልም አይደለም። ያም ሌላ ፋኖስ ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ቴሌቪዥን ያለው፣ በሁለት በሦስት ቋንቋ የሚታዘዝበት ቤትም የአካባቢያችን ምግብ ቤት ነው።

መ. ለክፍል ሥራ

በልምምድ ትምህርት ጊዜ አንድ ሥዕል ወይም አጭር ፊልም አሳዩና እነዚህን ጠይቁ፤

1. ምግቡን የሠራው ማነው? በሥዕሉ ላይ ይታያል?
2. እህሉ ከየት መጣ? ማን አመረተው?
3. የሚበላው የአገሬው ሰው ነው ወይስ እንግዳ?
4. ምግቡ የዘወትር ነው ወይስ የበዓል?
5. በእናንተ ቤት ኖሮ በሥዕሉ የሌለ ምን አለ?

አምስተኛውን ጥያቄ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ይጠይቁና በማግሥቱ የራሳቸውን ማዕድ ሥለው ይምጡ። የመሶቡን ሥዕል ማውረድ አያስፈልግም፤ የልጆቹን ሥዕሎች ከጎኑ ስቀሉ።