ትከሻም ይናገራል

እስክስታ የማያውቅ ማን አለ? ከበሮ ሲመታ ትከሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ትከሻና አንገት ይናገራሉ። በጉራጌ ጭፈራ ደግሞ እግር ይፈጥናል። አውድማ ላይ በሬ የሚነዳ ገበሬም እየዘፈነ ነው የሚነዳው። እንግዲህ ኪነት ለገበሬ እንግዳ አይደለም። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የራሱ ሥራና ደንብ አለው። እኔም የመድረክ ሰው ነኝና ያየሁትን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ቴአትር በአገራችን እንዴት እንደተጀመረ እንመልከት። በ1913 ዓ.ም. በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለ ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። በአውሬ ታሪክ አሳበው የጊዜውን ሹማምንት ጉድለት ነቀፉ። መኳንንቱ ነገሩ ገባቸው፤ ተውኔቱም ታገደ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ማኅበሩ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ይቀሰቅስ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር የሴትን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ዘፋኙንና ተወዛዋዡንም «አዝማሪ» እያለ የሚንቅ ብዙ ነበር። «ጨዋታ ነው፤ ምን ይጠቅማል?» ይባላል። ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋቡላ ለምን ይታገድ ነበር?

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ቀበሌ ወጣቶች ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ቴአትር ሊሠሩ ተነሡ እንበል። አባት የ13 ዓመት ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሊድራት ነው።

አንደኛው ሥራ ውዝዋዜ ነው። ሠርጉ ደምቋል፤ ሁሉም እስክስታ ይወርዳል። ሙሽሪት ግን ትከሻዋ አይነቃነቅም። አንድ ቃል ሳትናገር ተመልካቹ ሐዘኗን ያየዋል። ጥሩ ተወዛዋዥ መቼ እንደሚንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል።

ሁለተኛው ትወና ነው። ትወና ማለት የሌላውን ሰው ኑሮ ለብሶ መታየት ነው። የአባትን ቦታ የያዘው ተዋናይ አባትን ሞኝና ክፉ አድርጎ ቢያሳየው ምን ይሆናል? ተመልካች ይስቃል፤ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን አባት ልጁን የሚወድ፣ «ቆማ ቀረች እንዳይሏት፣ ሳልሞት ልዳራት» ብሎ የሚጨነቅ ሆኖ ቢታይስ? ያን ጊዜ እዚያ የተቀመጠ አባት ሁሉ ራሱን ያያል። ልቡ የሚነካውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ተዋናይ የሚጫወተውን ሰው አይንቅም፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ይጠይቃል።

ሦስተኛው አዘጋጅነት ነው። አዘጋጅ መድረክ ላይ አይታይም። የድግስ አሳላፊ ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልደረሰው ዞሮ እንደሚያይ ሁሉ አዘጋጅም እንዲሁ ያያል። በልምምድ ጊዜ ከሁሉ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ድምፅ እዚያ ይደርሳል ወይ? ተናጋሪው ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቷል ወይ? ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋሱ በየት በኩል ነው? ፀሐይስ የተመልካቹን ዓይን ይወጋል ወይ? ይህን አይቶ ያርማል። አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍን፣ ሁሉም ለአንድ ነገር እንዲሠሩ ያደርጋል።

ዛሬ በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በ1992 ዓ.ም. እንደወጣው፣ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ። በሰው ልብ እንዲገባ ግን ሰው ሊያየው፣ ሊወያይበት ይገባል። ቴአትር ለዚህ ይረዳል። በስብሰባ ላይ ለመናገር የሚከብድ ነገር በቴአትር ይነገራል።

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። የሌላ ሰው የጻፈውን ተውኔት አንብባችሁ ማጥናት ትችላላችሁ። የመንደራችሁንም ጉዳይ ራሳችሁ ጽፋችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። መድረክ ለመሥራት ትልቅ ቤት አያስፈልግም። የዋርካ ጥላና የተሰበሰበ ሰው ይበቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ፋቡላ ለምን ታገደ?
2. ተዋናዩ አባትን ሞኝ አድርጎ ቢያሳየው ምን ጉዳት አለው?
3. በመንደራችሁ በቴአትር ቢታይ ይጠቅማል የምትሉት ጉዳይ የትኛው ነው? የአባትን፣ የእናትን ወይም የልጅን ንግግር በአምስት መስመር ጻፉ።