ከፍታ፣ ርጥበትና ከሰል፦ በደብረ ታቦር የእንጉዳይ ማብቀያ ክፍሎች ሽታን ስለ መቆጣጠር

እንጉዳይ በቤት ውስጥ ማብቀል ሰፊ መሬት አይጠይቅም። የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ዘርና የሚዘጋ ክፍል ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። ማሳ በተጣበበበት የደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ይሁንና በከተማ ውስጥ ክፍሉ የሚገኘው በመኖሪያ ግቢ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ሥር በመሆኑ የሥራው ዕድሜ በምርቱ ብቻ ሳይሆን በሽታውም ይወሰናል። ቤት ተከራይቶ የሚያመርት ሰው ጎረቤት ካማረረበት ምርቱ ቢያምርም ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

እንደ መፍትሔ በብዛት የሚጠቀሰው የክፍሉን አየር በማራገቢያ ስቦ በካርቦን ማጣሪያ ውስጥ ማሳለፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ዘዴው ትክክል ቢሆንም አምራቾች በመግለጫቸው የሚያሰፍሩት አኃዝ ለደብረ ታቦር እንዳለ ሊወሰድ አይገባም የሚል ነው። ምክንያቱም ከተማዋ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጉዳይ ክፍል ደግሞ በባሕርዩ እርጥብ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት አኃዞች በስሌት የተገኙ እንጂ በመስክ የተለኩ አይደሉም።

የሽታው ምንጭ

በሚገባ የተዘጋጀ ገለባ ላይ የበቀለ የኦይስተር እንጉዳይ ራሱ የሚያስከፋ ሽታ የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ገለባው ከመጠን በላይ ርሶ በከረጢቱ ውስጥ አየር ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ቡቲሪክ አሲድ ያሉ ውህዶችን ያመነጫሉ። የዶሮ ኩስ በተቀላቀለበት ብስባሽ ላይ ደግሞ አሞንያ ይታከላል። ካርቦን ለእነዚህ ሁሉ እኩል አይሠራም። ቡቲሪክ አሲድን በሚገባ ይይዛል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን በመጠኑ፤ አሞንያን ግን በፎስፎሪክ አሲድ ወይም በመሰል ነገር ካልተነከረ በቀር እንዲሁ ያሳልፈዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኩስ በሚቀላቀልበት ቤት ተራ የካርቦን ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከፍታው ገና ከዝግጅቱ ጀምሮ ጣልቃ ይገባል። በደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ገለባ ብቻ ለሚጠቀም ይህ አያሰጋም፤ ገለባን ከተሐዋስያን ለመቀነስ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃልና። ምርት ለማሳደግ ፉርሽካ የሚጨምር ሰው ግን በግፊት መቀቀያ 121 ዲግሪ ላይ መድረስ አለበት። በባሕር ጠለል ለዚህ የሚበቃው በጌጁ ላይ የሚነበብ 103 ኪሎፓስካል ገደማ ግፊት ነው፤ እዚህ በዚያው ንባብ የሚገኘው 116 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ ወደ 132 ኪሎፓስካል ማሳየት ይኖርበታል፤ መቀቀያው ያን ያህል እንዲሸከም ተደርጎ ካልተሠራ ደግሞ የመቀቀያውን ጊዜ ማስረዘም እንጂ ግፊቱን መጨመር አደገኛ ነው። በቂ ሙቀት ያላገኘ ከረጢት ከቀናት በኋላ ይኮመጥጣል፤ ብዙ ጊዜ በማጣሪያ ሊታረም የሚሞከረው ሽታ መነሻው እዚህ ላይ ነው።

የሳሳ አየርና ማራገቢያ

በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በ2,700 ሜትር ላይ የአየር ግፊት 73 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። በ15 ዲግሪ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት ከ1.23 ኪሎግራም ወደ 0.88 ይወርዳል። በአንድ ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር ስለሚቀንስ፣ በመግለጫው 100 ፓስካል የተባለለት እዚህ ከ72 ብዙም አይበልጥም።

በባዶ ቱቦ ይህ ብዙ አያሳስብም። የቱቦው ተቃውሞም ከእፍጋቱ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ የሚጓዘው አየር በሜትር ኩብ ሲለካ እምብዛም አይለወጥም። በከሰል ንጣፍ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። የንጣፉ ተቃውሞ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከእፍጋቱ ጋር የሚቀንስ ነው፤ ሌላው ከአየሩ ውስጣዊ ሰበቃ፣ ማለትም ከቪስኮሲቲ የሚመጣ በመሆኑ በከፍታ አይቀንስም። የከሰሉ እንክብል ባነሰ ቁጥር ይህ ሁለተኛው ክፍል እየገነነ ይሄዳል። ማራገቢያው ደክሟል፤ ንጣፉ ግን በዚያው ልክ አልቀለለም።

በምሳሌ እንየው። 4 በ5 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ ይቀየር ቢባል በሰዓት 300 ሜትር ኩብ መንቀሳቀስ አለበት። አየሩ በከሰሉ ውስጥ 0.3 ሴኮንድ እንዲቆይ 25 ሊትር ከሰል ያስፈልጋል፤ ይህም በ10 ሳንቲሜትር ውፍረትና በ0.25 ሜትር ካሬ ገጽ ሊዘረጋ ይችላል። በንጣፉ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ 40 በመቶ ነው ብለን በኤርገን ቀመር ስናሰላ፣ እንክብሉ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ተቃውሞው 70 ፓስካል አካባቢ፣ 2 ሚሊሜትር ሲሆን ደግሞ 200 ፓስካል ያህል ይሆናል። ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠው የግድግዳ ማራገቢያ ይህን ሊገፋ አይችልም፤ ሴንትሪፉጋል ማራገቢያ ያስፈልጋል። ሞተሩም ቢሆን ከ1,000 ሜትር በላይ በሳሳ አየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ በሙሉ ጭነቱ ባይሠራ ይመረጣል።

ከሰሉና ርጥበቱ

የገበያ ከሰል በዚህ ቦታ ሊያገለግል ይችላልን? ከባሕር ዛፍ የሚከሰለውም ሆነ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች በማሳቸው ከሚተክሉት የዲከረንስ ግራር የሚመረተው ከሰል ለማገዶ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ከ800 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ረቂቅ ቀዳዳዎቹ የተከፈቱለት ሲሆን የአንድ ግራም ውስጣዊ ገጽ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ካሬ ይደርሳል። የማገዶ ከሰል ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ በውስጡ ያለው አመድም አልካላይን በመሆኑ አሞንያን ለመያዝ ጭራሽ አይመችም። ለጊዜው አማራጭ ከታጣ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ ዱቄቱ ተወግዶ፣ በብዙ መጠንና ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ ሊሞከር ይችላል። በበኩሌ የዲከረንስን ከሰል በእንፋሎት አክቲቬት ማድረግ ለአካባቢያችን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከብዙ የተደጋገሙ ርእሶች የተሻለ የምርምር ጉዳይ ይመስለኛል።

እንጉዳይ በሚያፈራበት ጊዜ የክፍሉ አንጻራዊ ርጥበት ከ80 እስከ 90 በመቶ ይደረጋል። ከ60 በመቶ በላይ ግን የካርቦኑ ቀዳዳዎች ውኃ እየያዙ ለሽታው ቦታ ይነፍጉታል። መፍትሔው አየሩን ከማጣሪያው በፊት ማሞቅ ነው። በ15 ዲግሪ 90 በመቶ ርጥበት ያለው አየር 23 ዲግሪ ሲደርስ ርጥበቱ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ለምሳሌያችን ክፍል ይህ ወደ 600 ዋት ያህል ይፈልጋል። የአየሩ መሳሳት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ በባሕር ጠለል 800 ዋት ያልፍ ነበር። ቀን ቀን የሚወጣውን አየር ፀሐይ ባጋለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተዘጋ መተላለፊያ አሳልፎ ወደ ማጣሪያው መውሰድ የኤሌክትሪኩን ወጪ ሊያቃልል ይችላል።

የተጣራውን አየር መልሶ ወደ ክፍሉ ማስገባት ሙቀት ለመቆጠብ ቢመስልም ለእንጉዳይ አይሆንም። ካርቦን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በዚህ ሁኔታ አይቀንስም፤ ጋዙ ሲጠራቀም የኦይስተር እንጉዳይ እግሩ ይረዝማል፣ ቆቡ ያንሳል። አየሩ መውጣት አለበት። ማራገቢያው ከማጣሪያው በኋላ ተተክሎ አየሩን እየሳበ ቢያስወጣ የክፍሉ ግፊት ከውጪው ያንሳል፤ በጭቃ ቤት ስንጥቅ በኩልም አየር ይገባል እንጂ ሽታ አይወጣም። ከማጣሪያው በፊት የሚታሰር ጨርቅ ስፖሮችን ያስቀራል፤ ጨርቁም በየጊዜው ይታጠባል። ስፖሩ ሳንባን ስለሚያስቆጣ ለቃሚው በክፍሉ ውስጥ አፍና አፍንጫውን መሸፈን አለበት፤ ማጣሪያው የሚጠብቀው ጎረቤትን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም።

የመውጫው ቱቦ ከጣሪያ በላይ ከፍ ቢል ይመረጣል። ሆኖም ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ቁልቁለቱን ተከትሎ ስለሚወርድ ሽታው ሳይበተን ከግቢው ዝቅ ብለው ወደሚኖሩት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከረጢት መክፈት፣ ያለቀ ገለባ ማውጣትና ክፍል ማጽዳት አየሩ በሚነቃነቅበት በእኩለ ቀን ቢሆን ይሻላል።

ካርቦኑ መቼ እንደሞላ በሚዛን ማወቅ አይቻልም፤ የጨመረው ክብደት ውኃም ሊሆን ይችላልና። በክፍሉ ውስጥ የሚውል ሰው አፍንጫም ሽታውን ስለሚለምድ አይታመንም። ያንን ቀን ወደ ክፍሉ ያልገባ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በማለዳ፣ በግቢው ዝቅተኛ ጥግ ቆሞ ቢያሸት ከሁሉ የተሻለ መለኪያ ነው፤ ውጤቱም ከዕለቱ ሙቀትና ርጥበት ጋር በመዝገብ ይስፈር።