የታመመ በሬ ወደ ሐኪም ስንወስድ

በሬ አፍ የለውም። «እዚህ ጋ አመመኝ፤ ትናንት ውኃ አልጠጣሁም» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ስንወስደው ስለ እሱ የምንናገረው እኛ ነን።

የደረሰብንን እንንገራችሁ። ፊደል ልናስተምር በሄድንበት መንደር የአንድ ተማሪያችን በሬ እየከሳ ሄደ። ጊዜው የእርሻ ወቅት ነበር። ከአባታችን ጋር ሆነን በሬውን እየነዳን የሦስት ሰዓት መንገድ ሄድን። የእንስሳት ጤና ረዳቱም ጠየቀን። «መቼ ጀመረው? ያመሰኳል? ውኃ የሚጠጣው ከየት ነው?»

አባታችን «እኔ እንጃ ልጄ፤ ከብት የሚጠብቀው ትንሹ ልጅ ነው» አሉ። ልጁ ግን ቤት ቀርቷል። እኛም ዝም አልን። አስተማሪ ነን እያልን፣ ከመነሳታችን በፊት ልጁን መጠየቅ ትዝ አላለንም። በሬውን ይዘን ተመለስን።

ማታ ልጁን ብንጠይቀው «ከአዲሱ ኩሬ መጠጣት ከጀመረ ወዲህ ጧት ጧት ከአፍንጫው ደም ያንጠባጥባል» አለን። ይህንኑ ጽፈን በማግስቱ ሄድን። ጤና ረዳቱ ወረቀቱን እንዳነበበ የበሬውን አፍንጫ በባትሪ አየ። ደም ሲመጥጥ የከረመ አልቅት ተጣብቆ አገኘና አወጣው። በሬው ዳነ። ግን ሁለት የእርሻ ቀን አለፈ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ መቀናጆ የገቡት ጎረቤትም ሳያርሱ ዋሉ።

ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት እንዘጋጅ።

1. የታመመውን ከሌሎቹ ለይተን እንሰረው። የሚጠጣበትም ዕቃ ለብቻው ይሁን።

2. እንይ፣ እንጠይቅ። ይበላል? ያመሰኳል? እበቱ ደረቅ ነው ወይስ ቀጭን? ያስላል? ያነክሳል? እረኛው ብዙ ያውቃል፤ ላም ከሆነች ደግሞ የምታልባት።

3. የሰጠነውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአገር ቤቱንም ጭምር፣ ሳናፍር እንናገር።

4. ጠንካራ ገመድ እንያዝ። በሬው የሚያውቀው ሰው ይንዳው። ፀሐይ ሳይበረታ በጧት እንነሳ፤ እያሳረፍን እንንዳ።

5. መራመድ ካቃተው፣ ወይም ለሃጩ ከተዝረከረከና አፉና ሰኮናው ከቆሰለ አንንዳው። በመንገድ ላይ በሽታውን ለሰው ከብት ያዳርሳል። ወረቀቱን ይዞ ሰው ብቻ ይሂድ።

ከብት በድንገት ሞቶ የማይረጋ ጥቁር ደም ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቆዳውን አንግፈፍ፤ ሥጋውን አንብላ። አባ ሰንጋ ሰውንም ይገድላል። ቶሎ ለጤና ረዳቱ እናስታውቅ።

ወረቀቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ቀይ በሬ። ዕድሜው 6 ዓመት። ከታመመ 2 ሳምንት። መብላት ቀንሷል። ጧት ከአፍንጫው ደም ይወጣል። ከአዲሱ ኩሬ ይጠጣል። መድኃኒት አልሰጠነውም። ሌሎቹ ከብቶች ደህና ናቸው።»

በወረቀቱ ጀርባ ጤና ረዳቱ የሚነግረንን እንጻፍ። መድኃኒቱ ስንት ቀን ይሰጣል? የላሟ ወተት ስንት ቀን አይጠጣም? ሥጋውስ እስከ መቼ አይበላም?

ወደ ክሊኒክ የሚኬደው ለታመመ ከብት ብቻ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ግድም ደስታ የሚባለው በሽታ አገራችን ገብቶ ከብቱን ፈጀው። በሬ ጠፋ፤ መሬቱ ጦም አደረ፤ ረሀብ ሆነ። ሽማግሌዎች «ክፉ ቀን» የሚሉት ያን ዘመን ነው። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ግን ዛሬም አሉ፤ ክትባትም አላቸው። ከብቶቻችንን ደህና ሳሉ እናስከትብ፤ የተከተቡበትን ቀንም እንጻፍ።

መልመጃ፦ ዛሬ ማታ ከከብቶቻችሁ አንዱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ያያችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ። ከዚያም ለእረኛው ልጅ አንብቡለትና «ምን ቀረን?» ብላችሁ ጠይቁት።