የዋና ልምምድና የቤት ወንፈል
(በዋግ ኽምራ ኑሮ ላይ የተመሠረተ አጭር ጥናት)

ዋና ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሐይቅ ዳር መዝናኛ ወይም የሆቴል ገንዳ ነው። ስለዚህ የዋና ልምምድን ከሰቆጣ ስም ጋር አያይዘን ስንጽፍ ፈገግ የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። የዋግ ስም ሲነሣ የኖረው በድርቅ እንጂ በውሃ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ሲነሣ ለዕቅዱ የሰጠው ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መሆኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ዕድሜው የደረሰ፥ ትዳርና ልጆች ያሉት ሰው ዘወትር የዋና ልምምድ ልያዝ ቢል የሚወስደው የማንን ጊዜ ነው? የወሰደውንስ በምን ይመልሳል? ይህ ጥያቄ በከተማ ገንዳ ዳርም ይነሣል፤ በዋግ ግን ቤቱ ከሚኖርበት ጉልበት የሚተርፈው ጥቂት ስለ ሆነ ጥያቄው ራቁቱን ይታያል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ይኸውም የልምምድ ሰዓት ከቤተ ሰብ የተገኘ ስጦታ ሳይሆን ወንፈል ነው የሚል ነው። ወንፈል በሰሜኑ አገራችን ገበሬ ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ ታርሳለህ፥ ነገ እኔ ለአንተ አርሳለሁ። የተቀበሉት ቀን የሚመለሰው በቀን ነው እንጂ በምስጋና አይደለም።

1. ውሃው ከየት መጣ?

ተከዜ በዋግ ጥንታዊ ወንዝ ነው። በበጋ በመልካው እየተሻገሩት፥ በክረምት ሲሞላ ደግሞ መንገደኛው በማዶ እየቀረ ብዙ ዘመን ኖሯል። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ግን የወንዙን ጠባይ ለወጠው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ ሲሆን 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በስተ ኋላው የተጠራቀመው ውሃ ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ በአበርገሌ፥ በዝቋላና በሰሃላ በኩል ያሉ ቆላማ ሸለቆዎች ከዓመት እስከ ዓመት ጥልቅ ውሃ የሚተኛባቸው ሆኑ። አባቶቻቸው ከብት ያግዱ የነበሩ ወጣቶችም መረብ ይዘው ዓሣ አስጋሪዎች ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የመልካ ዕውቀት ሌላ፥ የጥልቅ ውሃ ዕውቀት ሌላ ነው። መልካ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው እግሩ መሬት የሚነካበትን ስፍራ ነው። መረብ የሚጥል ሰው ግን ከጀልባው ቢወድቅ ከእግሩ በታች መሬት የለም። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም 300,000 ያኽል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከ10ሩ ከ9 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ በተከዜ ዳር ላለ ቤት አባትየው ዋና ማወቁ ጌጥ አይደለም፤ የቤቱ ምሰሶ እንዳይወድቅ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

2. ልምምድ ማለት ምን ማለት ነው?

በውሃ መንቦጫረቅና ልምምድ አንድ አይደሉም። ልምምድ በተወሰነ ቀን፥ በተወሰነ መጠን፥ ለተወሰነ ዓላማ የሚደጋገም ሥራ ነው። የሰው ሳንባ አየር ሲሞላ አካሉ ከውሃ በጥቂቱ ይቀልላል፤ ስለዚህ ጀማሪውን የሚያሰጥመው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው። ራሱን ወደ ላይ ሲያቀና እግሩ ይወርዳል፥ እግሩ ሲወርድ ትንፋሹ ያጥራል። መጀመሪያ የሚለመደው ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር ማስወጣት፥ ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍ፥ ከዚያ በኋላ እግርና እጅን ከትንፋሽ ጋር ማስማማት ነው። ይህ ሁሉ በመደጋገም የሚገኝ ስለ ሆነ በወር አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ከመዋኘት በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት በጥቂት መዋኘት ይበልጣል።

«ዕድሜዬ ዐለፈ» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። ለጎልማሶች የተለየ የዋና ውድድር በዓለም ላይ አለ፤ የሚጀምረውም ከ25 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ውድድራቸው በ1978 ዓ.ም. በቶኪዮ ተደርጓል። ደግሞም የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሦስት ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ማለት ነው። እንግዲህ ችግሩ ዕድሜው አይደለም፤ ሃምሳው ደቂቃ የማን ነው የሚለው ነው።

3. ልምምዱ ከቤት የሚወስዳቸው ሦስት ነገሮች

ሀ) ጊዜ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የግድቡ ውሃ ግን በ1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ የሰቆጣው መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ ሃምሳ ደቂቃ ለመዋኘት አንድ ሺህ ሜትር ያኽል ቁልቁለት ወርዶ ያንኑ ዳገት መመለስ አለበት። የእርሱ ሃምሳ ደቂቃ ለቤቱ አንድ ሙሉ ቀን ነው። በዚያ ቀን ውሃ የሚቀዳው፥ እንጨት የሚያመጣው፥ የታመመ ሕፃን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሚስቱ ወይም ትልቋ ልጁ ናት።

ለ) እኽል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመጠኑ አንድ ሰዓት ቢዋኝ 400 ካሎሪ ያኽል ያቃጥላል። የሞላ መሶብ ባለበት ቤት ይህ ቁጥር ትርጉም የለውም። እኽሉ እስከ መከር እንዲደርስ በስፍር በሚበላበት ቤት ግን ይህ ከአንዱ ልጅ ድርሻ ጋር የሚስተካከል ነገር ነው።

ሐ) ሐሳብ። ተከዜ አዞ ያለበት ወንዝ ነው። ሰውየው ውሃው ውስጥ ሳለ በቤት ያሉት ደጅ ደጁን ያያሉ። ይህን ዋጋ በሰዓትም በካሎሪም መለካት አይቻልም፤ ዳሩ ግን የሚከፈል ዋጋ ነው።

4. ከታወቁ ሰዎች የምንማረው

በስፖርት ቤተ ሰብንና ልምምድን ያስማሙ ኢትዮጵያውያን ሲነሡ ደራርቱ ቱሉ ትጠቀሳለች። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ከዚያ ወልዳ፥ እናት ሆና በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት እንደ ገና ወርቅ አገኘች፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ይህ ታላቅ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ምሳሌውን ሳንመረምር ብንቀዳው እንሳሳታለን። የደራርቱ ልምምድ እንጀራዋ ነበር፤ ቤቱ ለልምምዱ የሰጠው ጊዜ ተመልሶ ለቤቱ ይገባ ነበር። የአንድ ሰቆጣዊ መምህር ልምምድ ግን እንጀራ የሚያስገባ ሳይሆን እንጀራ የሚያስወጣ ነው። ስለዚህ ብድሩን የሚመልስበትን መንገድ ራሱ መፈለግ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ሮቤል ኪሮስ ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የመቶ ሜትር ነጻ ዋና በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ወጣ። ወርቁን የወሰደው አውስትራሊያዊ የጨረሰው በ47.58 ሰከንድ ነበር። በዓለም ብዙ ሰው ሣቀ። እኛ ግን ከሣቁ ይልቅ ልዩነቱን ብናጠናው ይሻላል፤ ሩጫ መንገድና እግር ይበቃዋል፥ ዋና ግን ውሃ፥ ገንዳ፥ አስተማሪና የሚጠብቅ ዐይን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ብርታት ማሟላት አይቻልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፥ ዋና በባሕርዩ የማኅበር ሥራ ነው።

5. የወንፈሉ ሥርዐት

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ወደ ሥራ ለመለወጥ የሚከተሉትን ነጥቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ቀኑ አስቀድሞ በቤት ምክር ይቈረጥ። ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ልሄድ ነው» ማለት ወንፈል ሳይሆን ቅሚያ ነው።

ሁለተኛ፥ የተወሰደው በዓይነቱ ይመለስ። ባል ሲዋኝ ሚስት ሁለት ጀሪካን ውሃ ከቀዳች፥ በዚያው ሳምንት ባል ሁለት ጀሪካን ይቅዳ፤ እርሷም ያን ሰዓት ለወደደችው ነገር ታውለው፥ ብትወድም ለዋና። ብድር በምድር ነው፤ ወደ ሌላ ዓመት አይተላለፍም።

ሦስተኛ፥ ወቅቱ ይታወቅ። በክረምት እርሻና አረም አለ፥ ጎርፉም ወንዙን ያደፈርሰዋል፤ በኅዳር መከር አለ። ስለዚህ የልምምዱ ወራት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ቢሆን ቤቱም ውሃውም ይስማማሉ። የሰቆጣው ደመወዝተኛም በየሳምንቱ ዳገትና ቁልቁለት ከሚመላለስ የዓመት ፈቃዱን ከፍሎ በውሃው አቅራቢያ ካለ ዘመድ ዘንድ ጥቂት ቀን ተቀምጦ ቢለማመድ፥ በቀረው ጊዜ በከተማው በእግር ጕዞና በሰውነት ማጠንከሪያ ጉልበቱን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

አራተኛ፥ ጾሙ ይታሰብ። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በማለዳ ዋኝቶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን ከሚውል 8 ሰዓት ላይ ጥቂት ዋኝቶ ወዲያው ጾሙን ቢፈታ አካሉ ይጠገናል። ልምምዱንም በዚያ ወራት መቀነስ ተገቢ ነው።

አምስተኛ፥ ማንም ብቻውን አይግባ። የሚገባበትን ስፍራ ዓሣ አስጋሪዎቹን ይጠይቅ፤ በንጋትና በምሽት፥ ሣር በበዛበት ዳርም አይዋኝ፤ በእንዲህ ያለ ዳር የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉና። አንድ ሰው በዳር ቆሞ ይጠብቅ። ክዳኑ በሚገባ የተደፈነ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ስለሚያንሳፍፍ በገመድ ታስሮ ይቅረብ። ነገር ግን ጀሪካኑ ለዚሁ የተለየ ይሁን፤ የቤቱን ጀሪካን ለዋና መውሰድ የቤቱን ውሃ መውሰድ ነውና።

ስድስተኛ፥ ያወቀ ያስተምር። የዓለም የጤና ድርጅት ከ6 ዓመት ጀምሮ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የውሃ ጥንቃቄ እንዲማሩ ይመክራል። አባት የተማረውን ለልጁ ቢያስተላልፍ ከቤቱ የተበደረውን ሐሳብ የመለሰው በዚህ ነው።

6. ሁለት መቃወሚያዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እኽል በሌለበት ስለ ዋና ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ለደጋው ቤት ይህ አባባል እውነት አለው፤ በሦስተኛው ክፍል የቈጠርነውም ይህንኑ ዋጋ ነው። ለውሃ ዳሩ ቤት ግን ዓሣውም እኽል ነው፥ ዓሣውን የሚያመጣውም ሰው በሕይወት መመለስ አለበት። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ሌሎች ደግሞ «ሴቲቱ ቤቱን ትታ የት ትሄዳለች?» ይላሉ። ለዚህ መልሱ በዋግ በራሱ ባህል ይገኛል። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሚከበረው በሻደይ በዓል ልጃገረዶች ከቤት ሥራ ተለቅቀው ለቀናት ይጫወታሉ። ቤቱም አይፈርስም፤ እናት፥ ወንድም፥ ጎረቤት ሥራውን ይከፋፈላሉ። እንግዲህ ቤተ ሰብ ከቈረጠ ሴትን ማሳረፍ እንደሚችል ሻደይ በየዓመቱ ይመሰክራል፤ የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ውሳኔ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ወንፈል የሚመልስላት የሌላት ሴት ጉዳይ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ዋግንም አግኝቷል። ባል የሞተባት ወይም የተፈናቀለች እናት የምትለዋወጠው ሰዓት ከየት ታገኛለች? ለእርሷ ወንፈሉ ከቤት ወጥቶ የጎረቤትና የዕድር መሆን አለበት። ልምምድን ከቤተ ሰብ ኑሮ ጋር አስማማን የምንለው ሁለት ደመወዝ ያለው ቤት ሲመቸው ሳይሆን የእርሷ ልጅም ዋና ሲያውቅ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ የልምምድ ትልቁ ጠላት ስንፍና ነው ሲባል የሰማን ሁሉ ሐሳባችንን ብንመረምር መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ልምምድን የሚያቋርጠው ያልተመለሰ ብድር ነው። ቤቱ በግድ የሰጠውን ሰዓት አንድ ቀን በግድ ይወስዳል፤ ተማክሮ የሰጠውን ግን ራሱ ይጠብቃል። እኛም ተመርቀን በየአውራጃው ስንበተን ለራሳችን ጤና የምንወስደው ሰዓት ሁሉ ከአንድ ሰው ትከሻ የሚነሣ ወይም በአንድ ሰው ትከሻ የሚጫን መሆኑን አንዘንጋ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በምታውቁት ቤት አንድ ሰው ለስፖርት ወይም ለጥናት ሲወጣ ሥራውን የሚሠራለት ማን ነው? በምንስ ይመለስለታል?

2. በውሃ ዳር ላሉ ትምህርት ቤቶች ዋና ከትምህርት ዓይነቶች አንዱ ይሁን ቢባል በመጀመሪያ መሟላት የሚገባው ምንድር ነው?

3. ወንፈል የሚመልስላት ለሌላት እናት ዕድር የልምምድ ሰዓት ዋስ ሊሆን የሚችለው በምን ሥርዐት ነው?