የአየር ሰዓት ንግድ፤ ከአሜሪካ የእስፓንኛ ራዲዮ ጣቢያዎች የሚገኝ ትምህርት

ከንግድ ዕቃዎች ሁሉ በመጋዘን ሊቀመጥ የማይችለው ሰዓት ነው። ጨው ወይም አቡጀዲ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ የራዲዮ ጣቢያ ሰዓት ግን ሳይሸጥ ካለፈ አለፈ፤ የሚመልሰው የለም። የራዲዮ ነጋዴ የሚሸጠው ዘፈንና ወሬ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ዘፈኑንም ወሬውንም ለሕዝቡ የሚሰጠው በነጻ ነው። ዋጋ የሚቀበልበት ሸቀጥ የሰሚው ጆሮ ሲሆን፥ ገዢውም ዕቃውን ለማስታወቅ የሚፈልገው ነጋዴ ነው።

የዚህ ንግድ ጠባይ በግልጽ ከሚታይባቸው ታሪኮች አንዱ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በእስፓንያ ቋንቋ፥ ማለት በእስፓንኛ፥ የሚናገሩት ጣቢያዎች ታሪክ ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የላቲን አሜሪካና የእስፓንያ ዘር ያለው የአሜሪካ ነዋሪ 62 ሚሊዮን ያህል፥ ከጠቅላላው ሕዝብም ከመቶ 19 የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያህል ብዛት ያለው ገበያተኛ ጆሮው ለረጅም ዘመን ከሚገባው ዋጋ በታች ሲሸጥ ኖሯል። ይህ የሆነበትን ምክንያትና የተፈለገለትን መፍትሔ መመርመር በማስታወቂያ ገንዘቡን ለሚያወጣ ነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. የንጋት ሰዓት በጅምላና በችርቻሮ

በ1920ዎቹ መጨረሻ በሎስ አንጀለስና በአካባቢው የነበሩት ጣቢያዎች ባለቤቶች እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የማታውን ሰዓት ታላላቅ ኩባንያዎች ሲሻሙበት፥ ከንጋት በፊት ያለውን ሰዓት ግን የሚጠይቅ አልነበረም። የሜክሲኮ ተወላጅ የሆነው ሠራተኛ ደግሞ ወደ እርሻውና ወደ ፋብሪካው ለመሄድ የሚነሣው በዚሁ በተናቀው ሰዓት ነበር።

ይህን የተመለከቱ ሰዎች የሰዓት ነጋዴዎች ሆኑ። የሰዓት ነጋዴው ከባለ ጣቢያው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በቁርጥ ዋጋ በጅምላ ይገዛል፤ ሰዓቱን በዘፈንና በወሬ ይሞላዋል፤ ከዚያም ደቂቃዎቹን ለዳቦ ጋጋሪው፥ ለሥጋ ሻጩና ለልብስ ሰፊው በችርቻሮ ይሸጣል። ትርፉ በጅምላውና በችርቻሮው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ያልተሸጠ ደቂቃ ቢኖር ኪሣራው የእርሱ ነው። ባለ ጣቢያው ግን ባዶ ይቀር ከነበረ ሰዓት የተረጋገጠ ገንዘብ ያገኛል።

በዚህ ዘመን ስሙ ከታወቀው ሰው አንዱ ፔድሮ ጎንዛሌስ የተባለው ሜክሲካዊ ዘፋኝ ነው። «ማለዳ ተነሺዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ከያዙት ጓደኞቹ ጋራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ድረስ ይዘፍን ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ብዙ ሜክሲካውያን ከአሜሪካ እንዲወጡ ይደረግ ስለ ነበረ፥ ጎንዛሌስ ድርጊቱን በራዲዮ ይቃወም ጀመር። በ1934 በወንጀል ተከስሶ ታሰረ፤ ከሳሹም በኋላ ቃሏን ብትለውጥ እስከ 1940 ድረስ በእስር ቤት ቆይቶ፥ ሲፈታ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

የሰዓት ነጋዴው ኑሮ በጠቅላላው በሌላ ሰው መሬት ላይ ቤት እንደ መሥራት ያለ ነበር። ስምና ደንበኛ ቢያፈራም የጣቢያው ፈቃድ የእርሱ አይደለም። ባለ ጣቢያው ዋጋ በጨመረ ወይም ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ ሰዓቱ ከእጁ ይወጣል፤ ያለማው ገበያም ለሌላ ይሆናል።

ለ. ከሰዓት ገዢነት ወደ ባለ ጣቢያነት

ይህን ችግር ከተሻገሩት ሰዎች አንዱ ራውል ኮርቴስ ነው። ኮርቴስ በሜክሲኮ በቬራክሩዝ ክፍለ ሀገር ተወልዶ በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የኖረ ሰው ሲሆን፥ ለአንድ የቢራ ፋብሪካ የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ባገኘው ገንዘብ ከሌላ ሰው ጣቢያ ሰዓት እየገዛ የእስፓንኛ ዝግጅት ያቀርብ ነበር። ማስታወቂያውንም ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞረ የሚሸጠው እርሱ ራሱ ነበር። በ1944 የራሱን ጣቢያ ለማቋቋም ፈቃድ ጠየቀ፤ በ1946 ኬ.ሲ.ኦ.አር. የተባለው ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። በአሜሪካ የብስ ላይ የእስፓንኛ ተናጋሪዎች ተወላጅ በባለቤትነት ይዞት ሙሉ ጊዜውን በዚያው ቋንቋ የሚያሰማ የመጀመሪያው ጣቢያ ይህ ነው። በ1955ም ኮርቴስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጨመረበት።

በዚህ ሥራ የአስመጪነት ጥቅምም ነበረበት። ኤሚሊዮ አስካራጋ ቪዳውሬታ በ1930 በሜክሲኮ ከተማ ያቋቋመው ኤክስ.ኢ.ደብልዩ. የተባለው ታላቅ ጣቢያ ዘፋኞችን በመላው ላቲን አሜሪካ አሳወቀ። በኩባም ዋና ከተማ በሃቫና ተከታታይ የራዲዮ ድራማዎች ይዘጋጁ ነበር፤ በ1948 በሲ.ኤም.ኪው. ጣቢያ የተሰማው የፌሊክስ ካይኜ ድራማ «የመወለድ መብት» ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። የድራማው ወጪ በአገሩ ገበያ ከተመለሰ በኋላ ቅጂውን ለውጭ ጣቢያ ማከራየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአሜሪካ የሚገኝ ትንሽ ጣቢያም በራሱ አቅም ሊያዘጋጀው የማይችለውን ዝግጅት በአነስተኛ ኪራይ ያገኛል።

ከኩባ ዝግጅት ብቻ ሳይሆን ሙያም መጣ። በኩባ የራዲዮ ሥራ የነበረው ራውል አላርኮን ከአብዮቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ፥ በ1983 በኒው ዮርክ ከተማ አንድ ጣቢያ ገዝቶ «ስፓኒሽ ብሮድካስቲንግ ሲስተም» የተባለውን ኩባንያ መሠረተ።

ሐ. የሚዛን ጉዳይ

ፈቃድ ማግኘት ግን የመጨረሻው ችግር አልነበረም። ቡና ነጋዴ ሚዛን ሳያይ ዋጋ እንደማይቈርጥ ሁሉ፥ ማስታወቂያ ገዢም የሰሚውን ብዛት ሳያውቅ ገንዘቡን አያወጣም። በአሜሪካ ይህን ሚዛን ለረጅም ጊዜ የያዘው አርቢትሮን የተባለው ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከሕዝቡ መካከል ጥቂቶችን መርጦ ትንሽ ደብተር ይሰጣቸዋል፤ የሰሙትን ጣቢያና ሰዓቱን ይጽፋሉ፤ ከዚያም የየጣቢያው ድርሻ ይሰላል።

በ1992 መከር ወራት በተደረገው ቈጠራ ኬ.ኤል.ኤ.ኤክስ. የተባለው የእስፓንኛ ጣቢያ በሎስ አንጀለስ ከሚገኙት ጣቢያዎች ሁሉ፥ የእንግሊዝኛዎቹም ሳይቀሩ፥ አንደኛ ሆነ። የሚያሰማውም የሜክሲኮን ገጠር ሙዚቃ ነበር። የማስታወቂያ ነጋዴዎች ቀድሞ ያልቈጠሩት ገበያ በዓይናቸው ፊት መኖሩን ተረዱ።

ይሁን እንጂ አንደኛ መሆን የአንደኛን ዋጋ አላስገኘም። በዚህ ሙያ የአንድ ጣቢያ የገቢ ድርሻ በሰሚ ድርሻው ተካፍሎ የሚታይ ስሌት አለ። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ጣቢያ ከከተማው ሰሚ ከመቶ 5 ይዞ ከማስታወቂያው ገንዘብ ከመቶ 5 ቢያገኝ ውጤቱ 1 ነው፤ ከገንዘቡ ከመቶ 3 ብቻ ቢያገኝ ውጤቱ 0.6 ይሆናል። ይህም ማለት ከሰሚው ብዛት አንጻር ሊያገኝ ከሚገባው ከእያንዳንዱ ብር 40 ሣንቲም ጐደለበት ማለት ነው።

የጉድለቱን ምክንያት ለአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሲዮን ተዘጋጅቶ በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ገልጾታል። አንዳንድ ማስታወቂያ ነጋሪዎች ለወኪሎቻቸው «በእስፓንኛ ጣቢያዎችና በጥቁሮች ጣቢያዎች አታስነግሩ» የሚል መመሪያ ይሰጡ ነበር፤ የሚያስነግሩትም ቢሆኑ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቁ ነበር። ሰሚው ድኻ ነው፥ ዕቃችንንም አይገዛም የሚል ሳይመረመር የተያዘ ግምት ነበራቸው። ኮሚሲዮኑ በ2007 ባሳለፈው ውሳኔ ጣቢያዎች ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ የማስታወቂያ ውላቸው በዘር ልዩነት የማያደርግ መሆኑን እንዲያረጋግጡ አዘዘ።

በዚያው ዘመን ሚዛኑ ራሱ ተለወጠ። አርቢትሮን በደብተሩ ምትክ ሰው በላዩ ይዞት የሚሄድ፥ ከጣቢያው ድምፅ ውስጥ የተሰወረ ምልክት የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ አመጣ። የእስፓንኛና የጥቁሮች ጣቢያዎች በአዲሱ ሚዛን ቍጥራቸው ስለ ቀነሰ፥ መሣሪያውን እንዲይዙ የተመረጡት ሰዎች የእነርሱን ሰሚዎች በሚገባ አይወክሉም ሲሉ ተቃወሙ። በ2008 የኒው ዮርክና የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች ኩባንያውን ከሰሱት፤ በ2009ም የአመራረጡን ዘዴ ለማሻሻል ተስማምቶ ክሱ በዕርቅ ተዘጋ።

መ. የጣቢያ ዋጋ መውጣትና መውረድ

በ2003 ዩኒቪዥን የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ብዙ የእስፓንኛ ራዲዮ ጣቢያዎች የነበሩትን «ሒስፓኒክ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን» በቢሊዮን በሚቈጠር ዶላር አክሲዮን ገዛ። በ2022 ግን ይኸው ኩባንያ በ10 ከተሞች የሚገኙ 18 ጣቢያዎችን ለላቲኖ ሚዲያ ኔትወርክ በ60 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተዋዋለ። ንብረቱ አንድ ስላልሆነ ሁለቱን ዋጋዎች በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም፤ ነገር ግን ሰሚው በስልኩ ዘፈን ማዳመጥ ከቻለና ማስታወቂያ ነጋሪውም ሌላ መንገድ ካገኘ በኋላ፥ ፈቃድ ብቻውን የቀድሞውን ዋጋ እንደማያወጣ ያስረዳል።

ሠ. ለነጋዴው የሚተርፈው ትምህርት

የሰዓት ነጋዴው ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ከራዲዮ ጣቢያ የአየር ሰዓት እየገዙ ዝግጅት የሚያቀርቡና ደጋፊ ነጋዴዎችን ራሳቸው የሚያፈላልጉ አዘጋጆች አሉ። ስለዚህ በማስታወቂያ ገንዘቡን የሚያወጣ አስመጪ ወይም ባለ ሱቅ ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች ሊጠቀም ይችላል።

አንደኛ፤ ርካሽ ሰዓት ሁልጊዜ መጥፎ ሰዓት አይደለም። ደንበኛው መቼ እንደሚነሣ፥ መቼ ሥራ እንደሚፈታና በየትኛው ቋንቋ ልቡ እንደሚከፈት የሚያውቅ ነጋዴ ሌሎች የናቁትን ሰዓት በጥቂት ገንዘብ ይገዛል።

ሁለተኛ፤ ውል በጽሑፍ ይሁን። አዘጋጁ ከጣቢያው ጋራ ያለው ውል መቼ እንደሚያልቅ ሳይጠይቁ የዓመት ማስታወቂያ መክፈል የሰዓት ነጋዴውን አደጋ በራስ ላይ መሸከም ነው።

ሦስተኛ፤ ዋጋ የሚመዘነው በሰሚ ነው። አንዱ ማስታወቂያ 12,000 ብር ተከፍሎበት 40,000 ሰዎች ቢሰሙት፥ ለእያንዳንዱ ሰሚ የወጣው 30 ሣንቲም ነው። ሌላው 4,000 ብር ተከፍሎበት 5,000 ሰዎች ብቻ ቢሰሙት 80 ሣንቲም ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ተወዷል ማለት ነው። ከሰሚዎቹም ዕቃውን ሊገዛ የሚችለው ስንቱ እንደ ሆነ ደግሞ መጠየቅ ያሻል፤ ነገር ግን በአሜሪካ እንደ ታየው፥ «ይህ ወገን አይገዛም» የሚለው ግምት ሳይመረመር የተያዘ እንደ ሆነ የሚጐዳው ሰሚውን ብቻ አይደለም። ሻጩም በደጁ የሚያልፈውን ገበያተኛ ያጣል።

የራሱ ሚዛን የሌለው ባለ ሱቅ ቀላል ዘዴ አለው። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ አንድ ደብተር አኑሮ፥ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቍጥር ስለ ሱቁ ከወዴት እንደ ሰማ ጠይቆ ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ውሉን ለማሳደስ የሚመጣውን አዘጋጅ ይህን ደብተር ገልጦ ያነጋግረው።