ከቆመ አውቶሞቢል ባትሪ ኃይል ስለ መውሰድ

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ አንድ አውቶሞቢል መጥቶ በትምህርት ቤቱ ወይም በጤና ጣቢያው ደጅ በቆመ ጊዜ፥ ነጂው ገና ከወንበሩ ሳይወርድ ስልኩን ይዞ የሚቀርብ ሰው አይታጣም። ልመናውም «ወንድሜ፥ ጥቂት ብቻ ሰካልኝ» የሚል ነው። ነጂው ይሉኝታ ይዞት እሺ ይላል። አንዱ ሲነቅል ሌላው ይሰካል፤ መምህሩ ላፕቶፑን ያመጣል፤ ሲመሽም አምፖል ይቀጠላል። ሁሉም የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚያገኘው ጥቂት ነው። በማግሥቱ ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ ዘንድ ቁልፉ ሲዞር ግን፥ አውቶሞቢሉ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ነጂው ክፉ ስለ ሆነ ወይም ሰዎቹ ስለ ሰገበገቡ አይደለም። በባትሪው ውስጥ ያለውን ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው ስለ ታጣ ነው። ሒሳቡም ከማባዛትና ከማካፈል የሚያልፍ አይደለምና፥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

የአውቶሞቢል ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ይባላል። ይህን ዓይነት ባትሪ በ1859 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር) የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። በሣጥኑ ውስጥ 6 ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉም የእርሳስ ሰሌዳዎችና የእርሳስ ኦክሳይድ ሰሌዳዎች እየተፈራረቁ፥ በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ይሰጣል፤ ስድስቱም ተከታትለው ሲያያዙ 12 ቮልት የሚባለው ይገኛል። ኃይሉ በሚወጣበት ጊዜ አሲዱ ወደ ሰሌዳዎቹ ይገባል፤ ፈሳሹ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ውሃነት ይቀርባል፤ ሰሌዳዎቹም የእርሳስ ሰልፌት በተባለ ነጭ ነገር ይሸፈናሉ። ባትሪው ሲሞላ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባዶ ሆኖ ብዙ ቀን ከቆየ ግን ነጩ ነገር እየጠጠረ ይሄድና፥ ከዚያ በኋላ ቢሞላም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ባትሪ በአውቶሞቢል ላይ ዋና ሥራው ሞተር ማስነሳት ነው። ይህም ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባችው የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል፥ እንደ ዘመኗ አውቶሞቢሎች ሁሉ፥ ሞተሯ የሚነሣው በእጅ በሚዘወር ብረት ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመልስ የዘዋሪውን ክንድ የሚሰብርበት ጊዜ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ለሥራ የሚበቃ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሠራ፤ የካዲላክ ኩባንያም በ1912 አውቶሞቢሎቹ ላይ አደረገው። ዛሬ በየጋራዡ ሞተሪኖ የሚባለው መሣሪያ የዚያ ዝርያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር የሚገኘው በዚህ ሞተሪኖ ላይ ነውና መምህሩ ጊዜ ወስዶ ቢያስረዳው መልካም ነው። ሞተሪኖ ሞተሩን በሚያዞርበት ጊዜ 200 አምፔር የሚያህል ይስባል፤ በትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ከዚህ ይበልጣል። የሚስበው ግን ለ2 ወይም ለ3 ሴኮንድ ብቻ ነው። 200 አምፔር በ3 ሴኮንድ ሲባዛ 600 ይሆናል፤ አንድ ሰዓት 3600 ሴኮንድ ስለ ሆነ፥ 600 ለ3600 ሲካፈል የአንድ አምፔር ሰዓት ስድስተኛ እጅ ይወጣል። አንድ ስልክ ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ የሚወስደው፥ ወደ ታች እንደሚታየው፥ የዚህን 10 እጥፍ ያህል ነው።

ይህን የሰማ ተማሪ «እንግዲያውስ ሞተር ማስነሳት ስልክ ከመሙላት ይቀላልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። በመጠን ይቀላል፤ በጉልበት ግን አይቀልም። ስልክ የሚጠጣው በጭልፋ ነው፤ ሞተሪኖ ግን ጋኑን ባንድ ጊዜ ገልብጦ እንደሚያፈስ ነው። ባትሪው እየጎደለ ሲሄድ በጭልፋ የሚቀዳ ነገር ሞልቶለት ሳለ፥ ባንድ ጊዜ የሚፈስሰውን መስጠት ያቅተዋል። ስለዚህ ራዲዮው ሲናገር፥ የውስጥ መብራቱም ሲበራ አይቶ «ባትሪው ገና ነው» ማለት ስሕተት ነው። ብዙ ነጂ የተታለለው በዚህ ነው።

የባትሪው አሠራርም ከዚሁ ጋራ የተስማማ ነው። የማስነሻ ባትሪ ሰሌዳዎች ስስና ብዙ ናቸው፤ ስስነታቸውና ብዛታቸው ኃይሉን ባንድ ጊዜ ለመስጠት ይረዳል፤ እየጎደሉ እየሞሉ ለመኖር ግን አይረዳም። የጉግስ ፈረስን የሚያህል ሯጭ የለም፤ ነገር ግን እህል ተጭኖ ቀን ሙሉ ገበያ ይውረድ ቢባል ፈረሱም ይጎዳል፥ እህሉም አይደርስም። ለጭነት የተሠራ ሌላ ባትሪ አለ፤ ሰሌዳው ወፍራም ሲሆን፥ ከፀሐይ ኃይል መሣሪያ ጋራ እንዲህ ያለውም ይሸጣል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ ዘንድ፥ በባትሪው ጎን ላይ 45 ወይም 60 ወይም 70 የሚል የአምፔር ሰዓት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 60 ማለት አዲስ ሳለ 3 አምፔር ለ20 ሰዓት መስጠት ይችላል ማለት ነው። ያገለገለ ባትሪ ግን የተጻፈበትን አይሰጥም፤ 60 የተባለው 45 ቢሰጥ አያስደንቅም። ከዚህም ውስጥ አንዱን ሦስተኛ እጅ ብቻ ለሌላ ሥራ አውጥቶ ሁለቱን እጅ ለሞተሩ ማስቀረት የጥንቁቅ ሰው ሥርዓት ነው። እንግዲህ የሚወጣው 15 አምፔር ሰዓት ሆነ።

የዛሬ ዘመን ባለ ሰፊ መስታወት ስልክ ባትሪው በብዛት ከ15 እስከ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። በመንገድ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ሲጨመር 20 ብሎ መቁጠር ይገባል። 20 ለ12 ቮልት ሲካፈል 1.7 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 15 ለ1.7 ሲካፈል ደግሞ 8 ስልክ ይወጣል፥ ጥቂትም ይተርፋል። ትንንሾቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች አራቱ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ነው። ላፕቶፕ 40 ዋት የሚበላ ቢሆን፥ 12 ቮልቱን ወደ 220 በሚለውጠው ኢንቨርተር ውስጥ የሚጠፋው ተጨምሮበት 4 አምፔር ያህል ይስባል፤ ስለዚህ 15ቱ 4 ሰዓት እንኳ አይሞላለትም። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት ተከፍቶ ቢያድር እንኳ ጥቂት ጥቂት መብላቱን አይተውም። 6 ዋት የሆነ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ግን ግማሽ አምፔር ብቻ ስለሚወስድ 30 ሰዓት ያበራል። ከዚህ ሁሉ ጋራ የአውቶሞቢሉን የፊት መብራቶች ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሁለቱ ባለ 55 ዋት አምፖሎችና የኋላዎቹ አንድ ላይ 10 አምፔር ያህል ይበላሉና፥ ተረስተው ቢበሩ ያን 45 አምፔር ሰዓት በ4 ሰዓት ተኩል ያሟጥጡታል።

ማንም የማይቆጥረው ሌላ በላተኛ ደግሞ አውቶሞቢሉ ራሱ ነው። ቁልፉ ተነቅሎ በሩ ተዘግቶም ሰዓቱና የሌባ መከላከያው አይተኙም። የሚወስዱት እስከ 50 ሺኛ አምፔር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። ለአንድ ቀን ምንም አይደለም፤ ለ10 ቀን ግን 12 ይሆናል።

ቴስተር ያለው ሰው ሒሳቡን በዓይኑ ሊመረምር ይችላል። አውቶሞቢሉ ከጉዞ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ሰዓት ያርፍ፤ የተሰካውም ሁሉ ይነቀል። በዚያን ጊዜ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ቢያሳይ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ሲያሳይ ሦስት አራተኛ፥ 12.2 ሲያሳይ ግማሽ ያህል አለው፤ ከ12 በታች ከወረደ ወደ ባዶነት ቀርቧል። 12.3 ሲደርስ መሰካት ይቁም። ሞተሩ እየሠራ ሲለካ ግን 14 ቮልት አካባቢ ስለሚያሳይ፥ ይህ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው መሆኑን ማወቅ ያሻል።

አሰካኩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በነጂው አጠገብ ያለው የሲጋራ መለኮሻ ጉድጓድ 12 ቮልት ይሰጣል፤ ስልክ ግን ሊሞላ የሚገባው በ5 ቮልት ወይም ቻርጀሩና ስልኩ ተስማምተው በሚወስኑት ስለ ሆነ፥ በመካከል ለአውቶሞቢል የተሠራው ቻርጀር ይገባል። በአንዳንድ አውቶሞቢል ቁልፉ ሲነቀል ይህ ጉድጓድ ይዘጋል፤ በሌላው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰጥ ያድራል። ነጂው የራሱን አስቀድሞ ይፈትን። በትልልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ደግሞ ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ስለሚያያዝ ኃይሉ 24 ቮልት ነው፤ ለ12 ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚያ ቢሰካ ይቃጠላል። አንዳንድ ነጂ ይህን ለማምለጥ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ሽቦ ይቀጥላል። ይህ መጥፎ ልማድ ነው፤ ዲናሞው ሁለቱን እኩል አድርጎ ስለሚቆጥር፥ የተቀነሰበት ሳይሞላ ይቀራል፤ ያልተቀነሰበት ደግሞ ከልክ በላይ ተሞልቶ ይፈላል።

ከጉድጓዱ ይልቅ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦን በቀጥታ ከባትሪው ላይ መጠምጠም የባሰ ነው። በጉድጓዱ መስመር ላይ ፊውዝ አለ፤ ሽቦ ቢነካካ ፊውዙ ተቃጥሎ አውቶሞቢሉን ያድናል። በቀጥታ የተጠመጠመ ሽቦ ግን ቢነካካ ሞተሪኖውን የሚያዞረው ያ ሁሉ አምፔር ባንድ ጊዜ ይፈስበትና ግሎ እሳት ያነሣል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣም፥ በአጠገቡ ብልጭታም ሲጋራም አይገባም። አሲዱ ዓይን ወይም ቆዳ ቢነካ ሳይዘገይ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ዓይን ከሆነም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

«ሞተሩን አስነሥቶ መሙላት አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ባትሪው በእርግጥ አይጎድልም፤ ነገር ግን ለስምንት ስልክ ብሎ ያን ያህል ትልቅ ሞተር ሰዓት ሙሉ ማሠራት ነዳጅ ማባከን ነው። በተዘጋ ቤት ወይም በጋራዥ ውስጥ ከሆነማ ከጭሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ሳይኖረው ይገድላል። አውቶሞቢሉ ለሌላ ጉዳይ መንገድ ሲሄድ ስልኮቹን አብሮ ሰክቶ መላክ ግን የብልህ ዘዴ ነው። የጎደለውን 15 አምፔር ሰዓት ለመመለስም ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነ ጉዞ ያስፈልጋል፤ ከቤት እስከ ገበያ ደርሶ መመለስ አይበቃም።

የደጋ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውሉ። ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል፤ ስለዚህ ማታ በደኅና የተነሣው አውቶሞቢል ንጋት ላይ እምቢ ሊል ይችላል። በቆላ ደግሞ ሙቀቱ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይታይ። እምቢ ያለውን አውቶሞቢል ከሌላ ባትሪ በኬብል ማስነሳት ይቻላል፤ የእጅ ካምቢዮ ያለው ከሆነም ተገፍቶ ይነሣል። አውቶማቲክ የሆነው ግን መንደሩ ሁሉ ቢገፋው አይነሣም።

ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ከነጂው ይልቅ ሥልጣን አላቸው። ነጂው እንግዳ ነውና እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተራውን አስቀድመው ሊወስኑ ይችላሉ። የጤና ሠራተኛዋ ስልክ ከሁሉ ይቅደም፤ በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ይከተል፤ ስምንቱ ሲሞላም ዘጠነኛው፥ የሹም ልጅም ቢሆን፥ ለሌላ ቀን ይቆይ። ይህ ጭቅጭቅ የሰለቸው ማኅበር ደግሞ አንድ ባለ ወፍራም ሰሌዳ ባትሪና 20 ዋት የሆነ የፀሐይ ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያው ጋራ ቢገዛ፥ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ወደ 6 አምፔር ሰዓት ያገኛል፤ ይህም በየቀኑ ለ3 ስልክ ይበቃል፤ አውቶሞቢሉንም የሚነካው የለም።

ለተማሮች የሚሰጥ ጥያቄ። ባትሪው በእውነት 70 አምፔር ሰዓት የሚሰጥ አንድ አውቶሞቢል በትምህርት ቤት ደጅ 3 ቀን ይቆማል። በየሌሊቱ ግማሽ አምፔር የሚበላ አምፖል 4 ሰዓት ይበራበታል። ከባትሪው ሦስተኛው እጅ ብቻ ይወጣ ቢባል፥ ስንት ባለ ሰፊ መስታወት ስልክ መሙላት ይቻላል? መልሱ 8 ነው። 10 ብሎ የመለሰ ተማሪ አውቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ ራሱ የሚበላውን ረስቷልና፥ ሒሳቡን እንደ ገና ይሥራ።